አባዬ የበየደው ክፍተት

ለምወድህና እጅግ ለተናደድኩብህ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን ብርዱ አሁንም ያስቸግርሃል? የእማዬ ሳልስ ለቀቃት? ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጎማ ጠጋኝ አሁንም በጠዋት ሬዲዮውን እያስጮኸ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም ሞልቶኛል። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ነገር ግን ንዴቱ ከኋላዬ ቆሞ እየገፋኝ ስለሆነ የቀረውን አንተው ሙላበት።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም እንዳትል። በስልክማ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እንኪ እናትሽን» ትልና ስልኩ ከእጅህ ይወጣል። እማዬ ደግሞ በጎረቤት ሠርግ ጀምራ በዝናቡ ስትጨርስ እኔ የደወልኩበትን ጉዳይ ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ረቡዕ የመናኸሪያችሁ ኃላፊ ደወለልኝ። ያ ሰውዬ ሐውልቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ከተተከለ ጀምሮ ለቅሬታ ካልሆነ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ገና ስሙን ስልኩ ላይ ሳየው ደግሞ ምን ሊነዘንዘኝ ነው አልኩ። እሱ ግን ድምፁ ሁሉ ፈክቷል። «በመጨረሻ ስላስጨረሽልን እናመሰግናለን፤ አሁን ሰው ሁሉ አፉን ያዘ» አለኝ። ምኑን ነው ያስጨረስኩት ብለው፣ «ሦስት ማዕዘኑን ነዋ! አባትሽ መጥተው ገጠሙት እኮ» ብሎኝ እርፍ።

አባዬ፣ በቆምኩበት ደሜ ፈላ። ያን ቀን ሥራ አልያዝ አለኝ፤ ያነሳሁትን ብረት መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ያስቀመጥኩትን መልሼ አነሳለሁ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ኃላፊው ተሳስቶ ነው፣ ሌላ ሰው ነው፣ አባዬ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም እያልኩ ራሴን ሳባብል መጣሁ። አዎ፣ ሐሙስ ዕለት ከተማችሁ ነበርኩ። ቤት ሳልገባ ተመለስኩ። ዘበኛው እንደሚነግርህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከእኔ ስማው።

ከአውቶቡሱ ሳልወርድ በመስኮት አየሁት። በሻንጣ ጋሪዎቹና በመቀመጫዎቹ መካከል፣ እኔ ክፍት አድርጌ በተውኩት ቦታ ላይ፣ ወፍራም ብረት ተጋድሟል። አንድ ሾፌር ክርኑን አስደግፎበት ሻይ ይጠጣል። እኔ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሠርቼ የሄድኩ ይመስል፣ ስኳሩን ሁሉ እዚያው ላይ ያማስላል።

እስኪ ደግሜ ላስረዳህ፤ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁህ ፈጣሪ ያውቃል። ሦስት እኩል ቱቦላሬዎች፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ረጃጅም ብረቶች ናቸው። እያንዳንዱ ከሚቀጥለው ጋር የሚገናኘው በስኳድራ ልክ ነው፣ እንደ በር ጥግ። አንተ ብረት እየቆረጥክ ያሳደግከኝ ሰው ነህ፤ ሦስት ብረት በስኳድራ ልክ እየተገጠመ ሦስት ማዕዘን እንደማይዘጋ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የእኔም አይዘጋም። ሁለት ቦታ ይገጥማል። ሦስተኛው ላይ ግን አንዱ ጫፍ ወደ ተመልካቹ ቀርቦ፣ ሌላው ወደ ኋላ ርቆ ይቀራል፤ በመካከላቸው ረጅም ሰው ተጋድሞ ሊተኛበት የሚችል ባዶ ቦታ አለ። ፊት ለፊቱ በተከልኩት ምሰሶ ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ አለች። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በዚያች ቀዳዳ የተመለከተ ሰው ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ያያል። ባዶው ቦታ ይጠፋል። ሊኖር የማይችል ሦስት ማዕዘን፣ ሦስቱም ጥጎቹ ስኳድራ የሆኑ፣ በጠራራ ፀሐይ ፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ከቀዳዳዋ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ነገሩ ሁሉ ይበተናል። ሥራው ይኸው ነው። ያንን ክፍተት ለመለካት የፈጀብኝ ጊዜ ብረቱን ለመቁረጥ ከፈጀብኝ ይበልጣል።

ሰው ግን ቀዳዳዋ ጋ አይሄድም። ቲኬት ሊቆርጥ ይሰለፋል፣ ሻንጣው ላይ ይቀመጣል፣ ቀና ብሎ ያየዋል፣ «ሳያልቅ ነው የቀረው» ይላል። ምሰሶው ላይ በትልልቁ «በዚህ ይመልከቱ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሐሙስ ዕለት ስደርስ ምን አገኘሁ መሰለህ? ቀዳዳዋ ላይ የጠፋ ሻንጣ ማስታወቂያ ተለጥፎባታል! ያን የሚያህል ግድግዳ ባዶውን ቆሞ ሳለ፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ፈልጎ አግኝቶ የደፈነ ሰው እንዴት ያለ ፍጡር ነው? በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። ቲኬት ቆራጯ በመስኮቷ ብቅ ብላ ማስታወቂያ መቅደድ ክልክል ነው አለችኝ። እኔ የሻንጣው ባለቤት አይደለሁም፣ የቀዳዳዋ ባለቤት ነኝ ብላት «ቀዳዳ ባለቤት አለው እንዴ?» ብላ መስኮቷን ዘጋችብኝ።

ከእሷ ወደ ዘበኛው ዞርኩ። ሰው ማሽን ይዞ መጥቶ የሌላ ሰው ሥራ ሲበይድ ቆመህ የምታይ ከሆነ ምኑን ነው የምትጠብቀው አልኩት። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ እሱ ተቆጣ። «የገዛ አባትሽን ላስራቸው ኖሯል?» አለኝ። እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ አንተና እማዬ በታክሲ መጣችሁ አለኝ። ብረቱ ጣሪያው ላይ ታስሮ፣ ማሽኑ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ። «የሠሪዋ አባት ነኝ፤ የቀረውን ልጨርስላት ነው። ልጄ ሌባ አይደለችም» አልከው። እሱም አንጀቱ ተላውሶ ከራሱ ክፍል ገመድ ስቦ መብራት ሰጣችሁ። ያንን መብራት እኔ ሥራውን ስተክል ለማግኘት የስንቱን ደጅ ጠንቻለሁ!

«ልጄ ሌባ አይደለችም»። ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። እኔም ሰምቼዋለሁ እኮ። «ቀሪውን ብረት ሸጣ በላችው» እያሉ አውቶቡስ ውስጥ ሲሳሳቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አንተም አንዱን ቀን ሰምተህ አንጀትህ አሯል። ይሁን፣ ይገባኛል። ግን ማን ጠየቀህ? አባዬ ና ድረስልኝ ብዬሃለሁ? አንድ ሥራ ፈት አፉን በከፈተ ቁጥር አንተ ብረት ይዘህ ልትዘጋው ነው? እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም፤ ጎረቤት ሲሰድበኝ በሩ ላይ ወጥተህ የምትቆምልኝ ዘመን አልፏል። ሌባ አለመሆኔን ለማስመስከር ብለህ ሥራዬን ገደልክብኝ። እነሱ የሳቁብኝ ለአንድ አፍታ ነው፤ ያንተ ብረት ግን እዚያው ተገትሮ ይኖራል። ደግሞ እኮ ኃላፊው በደስታ ሰክሯል! «አሁን ሙሉ ሆነ፣ አሁን ለዓይን ይሞላል» ይለኛል። ለቅዳሜ ቀለም ቀቢ ጠርቶ ሁሉንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሊያስቀባው ነበር፣ ከመቀመጫዎቹ ጋር እንዲሄድ!

ብረቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ አወቅኩት። ጫፉ ላይ በቅጡ ያልተፋቀ አረንጓዴ ቀለም አለ። የሥራ ቤትህ በር መቃን ነው። ስንቀባው ጣሳውን የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ፤ አረንጓዴው አይደርቅም ብለህ ስትነጫነጭ የዋልክበትን ቀን አልረሳውም። መቃኑ ከተነቀለ በሩ የለም ማለት ነው። በር በሌለው ቤት መሣሪያ አያድርም። ታዲያ እማዬ በደወልኩ ቁጥር «አባትሽ ሥራ በዝቶበታል፣ አሁን ውጭ ነው» የምትለኝ የት ነው የምትሠራው? ይህን ጥያቄ ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ግን ያን ጊዜ ንዴቴ ይበልጥ ነበርና አለፍኩት።

እውነቱን ልንገርህ፣ የመጣሁት ቆርጬ ልጥለው ነው። ግራይንደሩን በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ከመቁረጤ በፊት ምን ያህል እንዳበላሸኸው ልየው ብዬ ቀዳዳዋ ጋ ሄድኩ፤ ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ብረትህ የለም! ዓይኔን አሸት አድርጌ እንደገና አየሁ። የለም። አንተ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የዘረጋኸው ብረት የሚመጣው ልክ በዓይኔ መስመር ነው፤ ፊት ለፊት ወደ እኔ ስለሚመጣ ከፊተኛው ጫፍ ጀርባ ተሸሽጓል። አስበው እስኪ። ከየትም ቦታ ሲያዩት ሥራዬን የዘጋ ብረት፣ ከዚያች ቀዳዳ ሲያዩት የለም። ሦስት ማዕዘኔ እንዳለ አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ሥራዬን የማይነካ ብረት አንድ ብቻ ነው፤ አንተ ሳታውቀው እሱን ይዘህ መጣህ። እኔ ስንት ወር ስለካ ይህ ነገር አልታየኝም ነበር። ሳላስበው ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ልጇን ሳብ አድርጋ ራቅ አለች።

ሳቄ ግን አልቆየም። ከማዕዘኑ ሥር፣ ሦስት ጣት የሚያህል ብረት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል። የኋለኛው ጫፍ ቦታውን ስቶ ዝቅ ብሎ ነው የተበየደው። እሱ ባይኖር ማንም ምንም አያውቅም ነበር። ዞሬ ሄጄ ብየዳውን አየሁት። አባዬ፣ ያ ብየዳ ያንተ አይደለም። አንዱ ቦታ ተከምሯል፣ አንዱ ቦታ መገጣጠሚያውን ስቶ ባዶ ብረት ላይ ሮጧል፣ ቅርፊቱ እንኳ በመዶሻ አልተመታም። ቢነኩት የሚወድቅ ይመስላል።

አሁን ነው ከልቤ የተቃጠልኩት። አንተ ያለ ውሃ ልክ በር የምትሰቅል ሰው ነህ። የእኔን የመጀመሪያ መስኮት፣ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቤት የሠራሁትን፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመህ አይተህ «ጠሟል፣ አፍርሺው» ያልከኝ ሰው ነህ። ባለቤቱ እንኳ «ምኑ ነው የጠመመው?» ብሎ ግራ ገብቶት ነበር። አፈረስኩት፤ ደግሜ ሠራሁት፤ ደግመህ አስፈረስከኝ። አልቅሼ ቤት ስገባ እማዬ «ለልጅህ እንኳ አትራራም?» ብላህ ኩርፊያ ሆኖ ነበር። ታዲያ ለሊቀ መንበሩ መስኮት የፀጉር ያህል ጥመት ያልማርክ ሰውዬ፣ ለእኔ ሥራ ሲሆን ይህን ጥለህ እጅህን አራግፈህ ትሄዳለህ? ንቀኸኛል አልኩ። የልጅ ጨዋታ ነው፣ ለዚህ እንዲህም ይበቃል ብለሃል አልኩ። ከመዝጋትህ ይልቅ ይኼኛው አንገበገበኝ።

ዘበኛውን መልሼ ጠራሁት። አባቴ ሲበይድ የኋለኛውን ጫፍ ማን ነበር የያዘለት አልኩት። «እናትሽ ናቸዋ» አለኝ። «እሳቸውማ ሲመሩ ነው የዋሉት። ‹ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤ ኧረ ወደ ታች፤ እዚህ ጋ ነው እኮ የምልህ!› እያሉ። የአባትሽን እጅ እየያዙ ብረቱ ላይ ያስቀምጡላቸዋል፤ እሳቱ ሲነሳ ፊታቸውን በሻርፕ ይሸፍናሉ። ሲጨቃጨቁ ነው የጨረሱት» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም ከዚያ በፊት ብቻህን እየመጣህ እዚያ መቀመጫ ላይ ትቀመጥ እንደነበር፣ ሰው ሲቀንስ ተነስተህ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ትዳስስ እንደነበር ነገረኝ። «ብየዳሽን የሚመረምሩ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ሄጄ አንተ ትቀመጥበት የነበረው መቀመጫ ላይ ቁጭ አልኩ። ግራይንደሩ ጭኔ ላይ ነው። አውቶቡሶቹ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ፊት ግን ሐውልቱ የተመረቀበት ቀን ድቅን ብሏል።

ያን ቀን ከሹሞቹ ሁሉ በፊት አንተን ነበር ክንድህን ይዤ ወደ ቀዳዳዋ የወሰድኩህ። ኃላፊው ቅር ብሎት ነበር፤ የመጀመሪያው ተመልካች እሱ ሊሆን ንግግሩን ሁሉ አዘጋጅቶ። ጎንበስ አልክ፤ አንድ ዓይንህን ጨፈንክ፤ ቆየህ። ታየህ ወይ አልኩህ። «ግሩም ነው ልጄ፣ ግሩም ነው» አልክ። ሰው አጨበጨበ። ዕድሜዬን ሙሉ ከአፍህ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነውና ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲስቅብኝ፣ ኃላፊው በስልክ ሲነዘንዘኝ፣ ይበሉ፣ አባዬ አይቶታል እል ነበር።

አላየኸውም። አይተኸው ቢሆን ኖሮ ልትዘጋው እጅህ አይነሳም ነበር። አንድ ብረት ሠሪ ያንን ነገር አንዴ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሲዞረው፣ ሲለካው፣ ሲያማርረው ይሰነብታል። አንተ ግን ግሩም ነው ብለህ ቀጥ ብለህ ወደ ቤትህ ሄድክ። ሥራዬን ያወቅከው ቆይተህ፣ በእጅህ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ደግሞ ክፍት ነው፤ እጅህ አልዋሸህም።

እንግዲህ አሁን በግልጽ እንነጋገር። ዓይንህ ከድቶሃል፤ ይህን ደብዳቤም ማን እያነበበልህ እንደሆነ አውቃለሁ።

እማዬ፣ እንዳታቆሚ። ጉሮሮሽን ጥረጊና ቀጥዪ። ይህቺን ዘለሽ «ሰላም ትልሃለች፣ ትናፍቀኛለህ ትልሃለች» እንዳትዪው፤ አውቅሻለሁ። በአንቺም ተናድጃለሁ። «ሥራ በዝቶበታል» ስትዪኝ የከረምሽው ምን ብለሽ ነው? ባለፈው ስመጣ በሩን ከፍቶልኝ «ማን ልበል?» ሲለኝ ቀልድ አስመስለሽ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። ሻዩን በራስሽ እጅ ከእጁ ላይ የምታኖሪለት፣ ደረጃው ጋ ስትደርሱ በወሬ መሃል ክንዱን ያዝ የምታደርጊው፣ ሁሉንም አይቻለሁ። በስተርጅና ተፋቀሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት! ይህን ያህል ታሞኙኛላችሁ? ልጅ የወለዳችሁት በዓል በዓሉን ስጦታ ይዛ እንድትመጣ ብቻ ነው?

አባዬ፣ ምን ብለህ እንደምትመልስልኝም አውቃለሁ። «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ገና መቆሟ ነው» ትላለህ። ይህ ፍቅር መስሎህ ከሆነ እኔ አልቀበለውም። የእኔን ሥራ መጠበቅ ከፈለግክ እሑድ በታክሲ መቃን ጭነህ ከመምጣት ይልቅ ስልኩን ሳታቀብል «ልጄ፣ ዓይኔ» ብትለኝ ይቀል ነበር። የአጎቴንም ነገር እንዳታነሳብኝ። እሱ ሐኪም ጋ የሄደው ግድግዳ እየዳበሰ መሄድ ከጀመረ ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ «ይለቀኛል» እያለ ቆይቶ ቆይቶ ሄዶ ዓይኑ ሳይድን ሲቀር፣ ሐኪሙን አማችሁት። አንተም ያንኑ መንገድ ይዘሃል፤ እኔ ግን ቆሜ አላይህም።

እዚህ ያለችውን የዓይን ሐኪም ሄጄ አነጋግሬአታለሁ። ሳላየው ምንም አልልም አለች፤ ልክ ናት። የነገርኳትን ሁሉ ሰምታ ግን፣ የዓይን ሞራ ከሆነ የሚነሳ ነገር ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ይከብዳል አለችኝ። መብራት ሲያይ ይበተንበታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። አላውቅም። አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? አላውቅም። ለማላውቃት ሴት ስለ ገዛ አባቴ ዓይን ምንም አላውቅም እያልኩ ስመልስ ያፈርኩት ማፈር፣ አባዬ፣ እሱን መቼም ይቅር አልልህም። በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ትጠብቅሃለች። እሑድ እኔው መጥቼ ይዤህ እሄዳለሁ። «እስቲ ላስብበት» የሚባል ነገር የለም፤ ለእኔ ሥራ ሳታስብ ነው የመጣኸው።

ብረቱን አልቆረጥኩትም። ግራይንደሩን እንደያዝኩት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ፤ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። ቀለም ቀቢውን መልሰው፣ ሥራው አላለቀም አልኩት። «ደግሞ ምን ቀረው? አልተዘጋም እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለተኛው ባለሙያ የኋለኛውን ጫፍ ማቃናት ይቀረዋል፣ አሁን ሊታከም ነው፣ ተሽሎት እስኪመለስ ማንም ብሩሽ አያስነካውም አልኩት። ተሳፋሪው እንደገና ያማርራል አለኝ። ያማርር አልኩት። ጠማማ ነው ብለው ይሳቁብኝ፣ ሁለቱም አባትና ልጅ አይችሉም ይበሉ፤ እኔ ከዚህ ወዲያ የአውቶቡስ ወሬ አልፈራም። ባይወድም እሺ አለኝ። ግራይንደሩ ሳይረዳኝ አልቀረም።

እኔም አልነካውም። ላፈርሰውና ላቃናው እችላለሁ፤ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። አንተ ግን የእኔ ብየዳ ሲጠም ራሴን አስፈረስከኝ እንጂ አንድም ቀን ነክተህልኝ አታውቅም። ያንተንም አንተው ታፈርሰዋለህ። መጀመሪያ ግን ቀዳዳዋ ጋ ትቆማለህ። እንደ ምረቃው ቀን «ግሩም ነው» እንዳትለኝ፤ አልሰማህም። እንደ ድሮህ ተቆጣኝ። «ይኼ ነገር አይሆንም! ሦስት ስኳድራ አይዘጋም፣ የት ጋ ነው ያጭበረበርሽው?» በለኝና ዙሪያውን ዙረው፣ ተመልሰህ እየው፣ እንደገና ዙረው። ከማዕዘኑ ሥር የተንጠለጠለችውን ሦስት ጣትም ያን ጊዜ ራስህ ታገኛታለህ። እኔ ወደ ላይ ወደ ታች አልልህም።

ፈጣሪ ብርሃንህን ይመልስልህ፣ ዕድሜህን ከእማዬ ጋር እየተጨቃጨቅክ የምትጨርሰው ያድርግልህ፤ እሷንም ከሳሏ ይማርልን። እስከ እሑድ ጉልበትህን ሸፍነህ ተቀመጥ።

እማዬ፣ አሁን አጥፊውና በኮቱ የውስጥ ኪስ ክተቺለት። ከሐኪም ሲመለስ ራሱ ያነበዋል፤ የዘለልሽበት ካለ ያን ጊዜ ትጣላላችሁ።

ልጃችሁ